በጠባብ ቤት ልብስ ማጠብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። አራት ነን። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ውሃው በፈረቃ ነው፣ ልብሱ ግን አያልቅም። ጎረቤትም ዘመድም የሥራ ባልደረባም ስለ ልብስ አጠባ የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ልብስ ተከምሮብኛል። ከየት ልጀምር?

ከገመዱ ጀምሩ። ብዙ ሰው ስለ ማሽን ወይም ስለ ሳፋ ነው የሚያስበው። በቀን ስንት ልብስ ማጠብ እንደምትችሉ የሚወስነው ግን ማስጫው ነው። አሥር ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ይዛችሁ ሃያ ካጠባችሁ፣ አሥሩ እርጥቡን ሳፋ ውስጥ ያድራል። እርጥቡን ያደረ ልብስ ይሸታል። የሸተተ ልብስ ደግሞ እንደገና ይታጠባል። ውሃው፣ ሳሙናው፣ ጉልበቱ ሁሉ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ገመዳችሁን በክንድ ለኩት። የአዋቂ ሸሚዝ ከታች ጫፉ ተይዞ ሲሰጣ አንድ ክንድ ገደማ ይይዛል። ሱሪ በወገቡ ከተሰጣ ትንሽ ያንሳል። አንሶላ አራት ክንድ ይፈልጋል። የእኛ በረንዳ ላይ ሁለት ሁለት ሜትር የሆኑ አራት ገመዶች አሉ። ተደምሮ ስምንት ሜትር፣ ወደ አሥራ ስድስት ክንድ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ከአሥራ አራት ልብስ በላይ አናጥብም። አንሶላ ካለ ወደ አሥር እናወርደዋለን። ይህን ቁጥር ካወቅን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያደረ እርጥብ ልብስ የለም።

ቅዳሜ ሁሉንም ባጥብ አይሻልም? እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

የእናቶቻችን ቅዳሜ ግቢ ነበረው። ከአጥር እስከ አጥር የተዘረጋ ገመድ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ፣ ሲያጥብና ሲያለቀልቅ የሚውል ብዙ እጅ ነበረው። በረንዳ ላይ ያ አይሠራም። እኛ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እናጥባለን። ውሃ የሚመጣበት ቀን መጀመሪያ በርሜሉና ጀሪካኖቹ ይሞላሉ፣ ልብስ ከዚያ በኋላ ነው። ካልሲና የውስጥ ልብስ እያንዳንዱ ሰው ገላውን ሲታጠብ በዚያው አጥቦ ይወጣል። ትንሿ ልጄ ሳትቀር ካልሲዋን ራሷ ታጥባለች። ይህ ብቻውን ክምሩን በጣም ቀንሶልናል።

ዩኒፎርም ዓርብ ማታ ነው የሚታጠበው፣ እሑድ ማታ አይደለም። እሑድ ማታ ያጠብኩበትን ጊዜ አልረሳውም። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እጅጌው ገና እርጥብ ነበር። ካውያው ሲነካው ቺስ ይላል፣ እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል። ልጄ በውስጥ ልብሷ ቆማ ብርድ እያንቀጠቀጣት ትጠብቀኛለች። ሰርቪሱ ታች ጥሩምባ እየነፋ ነው። ሹራቡን ግማሽ እርጥብ አለበስኳት። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ ያ ሹራብ ከሐሳቤ አልወጣም።

ቆሻሻ ልብስ የት ይቀመጥ?

ከበር ጀርባ በተሰቀሉ ሁለት የጨርቅ ከረጢቶች፣ ነጩ ለብቻ ቀለም ያለው ለብቻ። ፌስታል ወይም ክዳን ያለው ላስቲክ ዕቃ አትጠቀሙ፤ ልብሱ ካልተናፈሰ ይሸታል። እርጥብ ፎጣ ደርቆ ነው የሚገባው። ኪስ የሚፈተሸው ልብሱ ወደ ከረጢቱ ሲገባ ነው፣ ሳፋ ላይ ሲደረስ አይደለም። ከረጢቱ የአንድ ቀን ገመዳችሁን ያህል ብቻ የሚይዝ ይሁን። ሲሞላ የማጠቢያ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

መታጠቢያ ቤታችን በጣም ትንሽ ነው። ማሽን ይገባል?

አብዛኛው ከፊት የሚከፈት ማሽን ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 85 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ ኋላ ያለው ጥልቀት ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይለያያል። ለቱቦና ለጎማው ከጀርባው ትንሽ ቦታ ጨምሩ። ከዚያ ሦስት ነገር ለኩ፦ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስፋት፣ የደረጃውን መታጠፊያ፣ የማሽኑ በር ሲከፈት የሚይዘውን ቦታ። ማሽኑ ቤት ደርሶ በሩ ላይ ሲቀር ያየሁት አንዴ ብቻ አይደለም። መታጠቢያ ቤት እምቢ ካለ ወጥ ቤት፣ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ይሞከር። ቧንቧውም ፍሳሹም እዚያው አለ።

ኤሌክትሪኩን ቀላል አታድርጉት። ውሃ የሚያሞቅ ማሽን ሲያሞቅ ወደ 2000 ዋት ይስባል። ከምጣድና ከሻወር ማሞቂያ ጋር በአንድ ጊዜ አይሠራም፣ በዲቫይደርም አይሰካም። ኤርዝ ያለው የራሱ ሶኬት ይፈልጋል። ሶኬቱም የሻወሩ ውሃ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን። ይህን የሚሠራው የሚያውቅ ኤሌክትሪሻን ነው።

ሌላው ደግሞ አዲስ ማሽን ከጀርባው ትልልቅ ብሎኖች አሉት። በመንገድ ላይ ከበሮው እንዳይንገጫገጭ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከመጠቀማችሁ በፊት መፈታት አለባቸው። የእኛን የገጠመልን ሰው አልነገረንም፣ እኛም አላየንም። መጀመሪያ ቀን መጭመቅ ሲጀምር ማሽኑ እየዘለለ ወደ በሩ መጣ። ታች ያሉት ጎረቤታችን ደንግጠው ወጡ። ብሎኖቹን ፈትታችሁ አስቀምጧቸው፤ ቤት ስትቀይሩ ያስፈልጋሉ።

አውቶማቲክ ይሻላል ወይስ ባለ ሁለት ጉድጓዱ?

በውሃችሁ ይወሰናል። አውቶማቲክ ማሽን ውሃው በግፊት እንዲመጣለት ይፈልጋል። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከራሳችሁ በላይ ሦስት ሜትር ላይ ከሆነ የምታገኙት 0.3 ባር ብቻ ነው። ብዙ ማሽኖች ግን ቢያንስ 0.5 ባር ይላሉ፤ መመሪያው ላይ 0.05 ሜጋ ፓስካል ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ግፊቱ ካነሰ ማሽኑ ውሃ ሲጠብቅ ይቆይና ስህተት ብሎ ይቆማል። ብልሽት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጥገና ከመጥራታችሁ በፊት የቧንቧውን ግፊትና የውሃ መግቢያዋን ትንሽ ወንፊት እዩ። ፈረቃው ሲመጣ ከቧንቧው የሚወርደው አሸዋና ዝገት እሷን ነው የሚደፍናት።

ባለ ሁለት ጉድጓዱ (አንዱ ማጠቢያ፣ ሌላው መጭመቂያ) በባልዲ ይሞላል፣ ግፊት አይፈልግም። ብዙዎቹ ውሃ ስለማያሞቁ መብራትም ብዙ አይበሉም። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን የነጩን የሳሙና ውሃ ሳልደፋ ቀለም ያለውን እዚያው ላይ ማጠብ መቻሌን ነው። አውቶማቲኩ በእያንዳንዱ ዙር ይደፋዋል። ድካሙ ግን አለ፤ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው የሚያዛውረው የእናንተ እጅ ነው። ውሃችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ እኔ ያለ ማመንታት ባለ ሁለት ጉድጓዱን እመርጣለሁ። ውሃ የማይቋረጥበት ሰፈር ላለ፣ በዚያ ላይ ሕፃን ልጅ ላለው ሰው አውቶማቲኩ ይገባዋል።

በእጅ የሚታጠብበትን ኦሞ ማሽን ውስጥ ብጨምርስ?

ከፊት የሚከፈት ከሆነ አይሆንም። የእጅ ዱቄት ሳሙና አረፋው ብዙ ነው። አረፋው ልብሱ እርስ በርሱ እንዳይጋጭ ይይዘዋል፣ ማለቅለቁም አያልቅም፣ አንዳንዴም በሳሙና ማስገቢያው ይወጣል። ለማሽን የተሠራውን ግዙ። በእጅም ሆነ በማሽን ብዙ ሳሙና ማለት ንጹሕ ልብስ ማለት አይደለም። ሲደርቅ እንደ ካርቶን የሚደርቅ ፎጣ ሳሙናው ውስጡ የቀረበት ፎጣ ነው።

ማሽን የለኝም፣ ውሃም በጀሪካን ነው የማመጣው። በትንሽ ውሃ እንዴት ልጠብ?

ሦስት ሳፋ ይበቃል፤ አንዱ ለሳሙና፣ ሁለቱ ለማለቅለቂያ። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ፈካ ያለ ቀለም፣ ከዚያ ጥቁርና ጂንስ፣ መጨረሻ ላይ የወለል ጨርቅ። ሁሉም በአንድ የሳሙና ውሃ ያልፋል። የመጀመሪያው ማለቅለቂያ ሲደፈርስ ለወለል ይሆናል፣ ሁለተኛው በእሱ ቦታ ይተካል፣ ንጹሕ ውሃ የሚቀዳው ለመጨረሻው ብቻ ነው። የቀረውን ባልዲ ውስጥ አስቀምጡና ሽንት ቤት ድፉበት።

ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ ሳሙና አስነክታችሁ ዘፍዝፉ፤ ወዙ ያለው እዚያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መዘፍዘፍ ግን አይጠቅምም። ውሃው ይሸታል፣ ቀለምም ይለቃል። በክረምት የዝናብ ውሃ ካገኛችሁ አትለፉት። የጣሪያው የመጀመሪያ እጣቢ ከወረደ በኋላ ያለውን ቅዱ። ከጉድጓድ ውሃ ይልቅ ለሳሙና ቶሎ ይታዘዛል።

በረኪና ላይ ምን ትላለህ?

ጥንቃቄ እላለሁ። ከምንም በፊት የምለምናችሁ ነገር አለ፤ በረኪናን በሃይላንድ አታስቀምጡ። ውሃ ይመስላል። በውሃ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚመስል ነገር ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል፣ በጨለማ አዋቂም ይጠጣዋል። በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ የልጅ እጅ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይሁን። ከአሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የመታጠቢያ ቤታችን መስኮት ደግሞ የእጅ መዳፍ ታክላለች።

ልብስን በተመለከተ ለነጭ ጥጥ ብቻ ነው፣ ያውም በብዙ ውሃ ተበርዞ። ሱፍን ያበላሻል፣ የሚለጠጥ ጨርቅን ያቢጫል፣ ጥጥንም ደጋግሞ ካገኘው ያሳሳዋል።

ነጠላ፣ ጋቢና የሐበሻ ቀሚስስ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ። አንድ ሸማኔ ቀናት የፈጀበትን ልብስ በአሥር ደቂቃ ማበላሸት ስለሚቻል ነው።

መጀመሪያ ጥለቱን ፈትኑት። ነጭ ጨርቅ አርጥቡና ጥለቱ ላይ አምስት ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ጨርቁ ቀለም ከነካው ያ ነጠላ አይዘፈዘፍም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ ቶሎ ቶሎ አጥባችሁ ታወጡታላችሁ። ጨው ጨምሩበት የሚል ምክር አለ፤ ተሠርቶ ያለቀ ልብስ ላይ ግን ቀለምን አያስቆምም። አትጠምዝዙት፣ እርጥቡን አጣጥፋችሁም አታስቀምጡት። ስታሰጡት ገመዱ ነጠላውን መሐል ላይ ይያዘው፣ ሁለቱም ጥለቶች ወደ ታች ይንጠልጠሉ። ውሃ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ጥለቱ ታች ከሆነ የለቀቀው ቀለም ወደ መሬት ይንጠባጠባል፣ ላይ ከሆነ ግን በነጩ ላይ ይወርዳል። ቀሚስ ከሆነ በፊቱና በጀርባው መካከል ደረቅ ነጭ ፎጣ አስገቡና ጥላ ላይ ይድረቅ።

ጋቢ ነገሩ ሌላ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ሲሆን ጋቢ አራት ድርብ ነው። ውሃ ሲጠጣ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ሳፋ ውስጥ በእግር ተረግጦ ይታጠባል፤ ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በተደፋ ቅርጫት ወይም በፕላስቲክ ዱካ ላይ ከምሩትና ለአንድ ሰዓት ውሃው ይውረድ። በረንዳ ላይ በሁለት ገመድ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ በአንድ ገመድ ከሆነ መሐሉ ሳይደርቅ ያድራል። ጋቢ የምናጥብበት ቀን ሌላ ልብስ አይታጠብም። ሐምሌና ነሐሴ ጨርሶ አናጥበውም።

ቀድሞ ሸማ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር፣ ዛሬም በገጠር አለ። ፍሬው ተደቁሶ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የቢልሃርዝያን ጥገኛ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ነበሩ፣ የሚገድላቸውም እንዶዱ ሆኖ ተገኘ። ዓለም ያወቀው ግኝት ከልብስ ማጠቢያ ቦታ መነሳቱን ለልጆቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። እንዶድ ካገኛችሁ ለሸማ ጥሩ ነው። ዓይን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ዓሣም ስለሚገድል ውሃውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ።

ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ነጠላችሁ ላይ ከተንጠባጠበ እርጥቡን አትሹት። እስኪጠነክር ጠብቁና በጥፍር ፋቁት። የቀረውን ከላይና ከታች ንጹሕ ወረቀት አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተጫኑት። ሰሙ ቀልጦ ወረቀቱ ይመጠዋል። ወረቀቱን እየቀያየራችሁ ድገሙት፣ ከዚያ እጠቡት።

ውጭ አገር ነኝ። ነጠላዬን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ብከተውስ?

ይኮማተራል፣ ጥለቱም ይጨማደዳል። ትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በስሱ ፕሮግራም እጠቡት። ማድረቂያው ግን ይቅርበት። ሻወር ዘንግ ላይ ከጣላችሁት ሲነጋ ይደርቃል።

ወጥ የነካው ሸሚዝስ?

ወጥ ዘይትና በርበሬ ነው፣ ሁለቱ የሚለቁት በተለያየ መንገድ ነው። በማንኪያ ጫፍ አንሱት፣ አትሹት። ላርጎ ጠብ አድርጉበትና አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይታጠብ። ዘይቱ ይወጣል፣ ቢጫ ወይም ቀይ ጥላ ግን ይቀራል። እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የበርበሬና የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው፣ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

ክረምት ላይ ልብስ አይደርቅልኝም።

ከማስጣታችሁ በፊት ያለው ሥራ ይበልጣል። የተጨመቀውን ልብስ በደረቅ ፎጣ ላይ ዘርጉ፣ አንድ ላይ ጠቅልሉትና ቆማችሁ ርገጡት። ፎጣው የሚጠጣውን ውሃ ስታዩ ትገረማላችሁ። ሸሚዝ በመስቀያ፣ ልብሶቹ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ክፍተት ኖሯቸው ይሰጡ። ልብስ የሚያደርቀው ከሙቀቱ ይልቅ ንፋሱ ነው። መስኮት ከፈት አድርጉ፣ ማራገቢያ ካለ አዙሩበት። መኝታ ቤት ውስጥ ከሆነ ግድግዳውን አያስነኩት፣ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል አያይዛችሁ ልብስ አታድርቁ። የከሰል ጭስ ሳይሸትም ይገድላል።

ከላይ ያሉት ጎረቤቶች የሚያንጠባጥቡት ውሃ የደረቀ ልብሴን ያበሰብሰዋል። ምን ላድርግ?

ወጥታችሁ አንኳኩና በሰላምታ ጀምሩ። ብዙ ጊዜ አያውቁም። እኛም ከታች ላሉት እማማ እንዲሁ ስናደርግ ቆይተን የነገሩን እሳቸው ናቸው፣ ያውም ቡና ጠርተው። አሁን ልብሳችን መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ ውሃውን ይጨርሳል፣ በረንዳ የሚወጣው ከዚያ ነው። የሚያጥቡበትን ቀን ጠይቁ፣ የእናንተንም ንገሩ። ብሎካችሁ አጠገብ የጋራ መገልገያ ቤት ካለ ጠይቁበት። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለእንጀራ ጋገራና ለልብስ አጠባ ጭምር ታስቦ የተሠራ ነው። ለሌላ ነገር ካልዋለ ብርድ ልብስና ምንጣፍ እዚያ ነው መታጠብ ያለበት።

በወር ሁለት ጊዜ መጥታ የምታጥብልን ሴት አለች። ሥራውን እንዴት ላቅልላት?

ይህን የጠየቀኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

ለሁለት ሳምንት አታከማቹባት። የውስጥ ልብስና ካልሲ የራሳችሁ ሥራ ይሁን። ከመምጣቷ በፊት ልብሱን ለዩ፣ ኪስ ፈትሹ፣ ጀሪካኖቹን ሞልታችሁ አቅርቡ። ፎቅ ላይ ውሃ መሸከም የእሷ ሥራ አይደለም። አጎንብሳ እንዳትውል ሳፋው ዱካ ላይ ይቀመጥ። ጓንት ግዙላት፤ የሳሙናና የበረኪና ውሃ ጣት ይሰነጥቃል። ጠዋት ብርድ ሲሆን አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ወደ ሳፋው ጨምሩላት። ምሳዋን በሰዓቱ፣ ከቤተሰቡ ጋር ትብላ። ጋቢና ብርድ ልብስ ካለ ቀድማችሁ ንገሯትና ዋጋውን ለብቻ ተስማሙ። ከሸሚዝ እኩል አይቆጠርም።